ስለ አንዲት የቆሰለች ዶሮና ስለ መጠበቅ

አንባቢ ሆይ፣ ርእሱን አይተህ እንዳትስቅ። በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት፣ ስለ አገርና ስለ ነፃነት የጻፉ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። እኔም አንድ ሁለቴ ሞክሬ አዘጋጆቹ በትሕትና መልሰውልኛል። ዛሬ የማቀርበው ስለ ዶሮ ነው። እንዲያውም ስለ ዶሮ በጠቅላላው አይደለም፤ ውሻ ጀርባዋን ስለ ዘነጠላት ስለ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከጓሮ አልፎ የሚሄድ ይመስለኛል። ጥያቄውም ይኸው፤ አንድን ፍጡር አስታመህ ካዳንከው በኋላ በሱ ላይ ያለህ መብት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት አንድ ማለዳ የጎረቤት ውሻ ገመዱን በጥሶ ጓሯችን ገባ። አያቴና እኔ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። አምስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሩን። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ውሻው ገብስማይቱን ጀርባዋን ነክሶ ይነቀንቃታል። በዱላ አስጣልኳት። ላባዋ ግቢውን ሞልቶታል። ከክንፏ ሥር እስከ ጅራቷ ድረስ ቆዳዋ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ሁለት ቦታ ላይም ጥርስ የገባበት ቀዳዳ አለ። እኔን የገረመኝ ግን ዝምታዋ ነው። በውሻው አፍ ውስጥ ሆና ግቢውን ታናውጥ የነበረችው ዶሮ እኔ እጅ ላይ ስትደርስ ጭጭ አለች።

አያቴ ከጓዳ ወጣች፤ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች። «ጾም ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ ባርከን በበላናት» አለች። «አሁን እንግዲህ በክት ልትሆን ነው።»

ይህችን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። ያልታረደ፣ በራሱ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ አይበላም። ስለዚህ በየቤታችን በሽታና ቢላዋ ሁልጊዜ እሽቅድድም ላይ ናቸው ማለት ነው። ቢላዋው ከቀደመ ወጥ ይሆናል፤ በሽታው ከቀደመ ጉድጓድ ይቆፈራል።

በዚያው ዕለት ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ለሚማር አንድ ጓደኛዬ ስልክ ደወልኩ። እሱም ሳይስቅ ሰማኝና እንዲህ አድርግ አለኝ። ውሃ አፍልተህ ጨው ጨምርበት፤ ሲበርድ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ እጠብ። በዙሪያው ያለውን ላባ በመቀስ ከርክም፤ ደም ጠጥቶ ይደርቅና ቁስሉን ያቆሽሸዋል። አልኮል ጥሬ ሥጋ ላይ እንዳታፈስ። ከሌሎቹ ለያት፤ ዶሮ ደም ካየች የገዛ እኅቷንም ቢሆን መንቆሯን አትተውም። ዝንብ እንዳይደርስባት ተጠንቀቅ፤ ዝንብ ካረፈበት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁስሉ ትል ያፈራል።

«ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማየት ነው» አለኝ። ጠዋትና ማታ እይ። በላች ወይ? ጠጣች ወይ? ኩሷ ምን ይመስላል? በእግሯ ቆማለች ወይስ ላባዋን ነፍታ ተኮራምታለች? በራሷ ላይ ያለው ሥጋ እንደ ቀላ ነው ወይስ ገርጥቷል? ቁስሉ ይሸታል ወይ? ደግሞ የአንገቷን ሥር ዳብስ። የበላችው እህል መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ መሆን አለበት፤ ጠዋትም እንደ ሞላ ካገኘኸው ሆዷ አልሠራም ማለት ነው።

እኔም በካርቶን ላይ ጭድ ጎዝጉዤ ማድ ቤት ጥግ አስቀመጥኳትና የፍልስፍና ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ መመዝገብ ጀመርኩ። ከፊት ካንት፣ ከኋላ ዶሮ። «ጠዋት፤ ውሃ ጠጣች፣ ጥሬ አልነካችም። ማታ፤ ቆመች፣ ኩሷ ውሃ ነው፣ ቁስሉ አይሸትም።» እንዲህ እያልኩ ማለት ነው።

ማየት ግን እንደማስበው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሌሊት እጄን ክንፏ ሥር ባስገባ እሳት ነች። ትኩሳት ይዟታል ብዬ ደንግጬ እኩለ ሌሊት ላይ ጓደኛዬን ቀሰቀስኩት። ያን ጊዜ ግን ሳቀብኝ። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት ለካ ከ41 ዲግሪ በላይ ነው። ሰው በዚህ ሙቀት ይቃዣል፤ ዶሮ በዚህ ሙቀት እንቁላል ትጥላለች። እኔ የለካኋት በራሴ እጅ፣ በራሴ ደም ነበር። ከዚያ ሌሊት የተማርኩት ይህን ነው፤ የሌላውን ሕመም በራስ ገላ መለካት ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ስገባ ቀና ብላ ቆማ ጥሬውን ትለቅማለች። ደስ ብሎኝ «ደህና ነች» ብዬ ጻፍኩ። ከወጣሁ በኋላ ግን የረሳሁትን ነገር ለመውሰድ ተመልሼ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ ተቀምጣለች። ገብቼ አንገቷን ሥር ብዳብስ ባዶ ነው። ጥሬውን እያነሳች መልሳ ትጥለው ነበር እንጂ አልበላችም። የቆመችው ለኔ ነው ማለት ነው። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ ዶሮ የሚበሏት ብዙ ናቸው፤ ጭልፊቱም ሸለምጥማጡም መጀመሪያ የሚመርጡት የደከመችውን ነው። ስለዚህ ሕመሟን ትደብቃለች። በምትፈራው ፊት ሁልጊዜ ጤነኛ ነች። እንግዲህ ለሷ እኔ ከውሻው የምለየው በምንድን ነው?

እዚህ ላይ ከደብተሬ ፊት ለፊት ያለው ትዝ አለኝ። ፈረንሣዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ስለ ዘዴ በሚናገረው መጽሐፉ እንስሳ ነፍስ የሌለው፣ እንደ ሰዓት በራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ክፍል ውስጥ ስንማረው ክርክሩ ብልህ መስሎኝ ነበር። በበሩ ስንጥቅ ካየሁ በኋላ ግን ቅር አለኝ። ሰዓት ሲበላሽ ተበላሽቶ ይታያል፤ ባለቤቱ ሲገባ ቀና ብሎ ደህና ነኝ አይልም።

እርግጥ አንድ ብልጥ የክፍል ጓደኛዬ፣ «መደበቁም ቢሆን የመሣሪያው አሠራር ሊሆን ይችላል» ይለኛል። ይሁን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት አለ። እግራቸውን ለሚያነክሱና ለጤነኞች ዶሮዎች ሁለት ዓይነት መኖ ቀረበላቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ካርፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተቀላቅሏል። የሚያነክሱት ከጤነኞቹ ይልቅ መድኃኒት ያለበትን አብዝተው መረጡ፤ ማነከሳቸው በባሰ ቁጥርም የሚበሉት መድኃኒት ይጨምር ነበር። ይህ ክርክሩን ለዘለዓለም ይዘጋዋል አልልም። ግን የማስረዳቱን ሸክም ወደ ማዶ ያሻግረዋል። ማስታገሻ የሚመርጥ ፍጡር የሚታገስ ነገር አለበት።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። እሷም ዶሮይቱን ታያት ነበር። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ኩራዟን ይዛ ማድ ቤት ትገባለች፤ መብራት ያለ ቀንም ቢሆን ኩራዟን አትተውም። የአንገቷን ሥር ትዳብሳለች፤ ጭዱን ትለውጣለች፤ ነጭ ሽንኩርት ከትፋ ከጥሬ ጋር ትቀላቅልላታለች። እውነቱን ልናገርና እጇ ከኔ እጅ የተሻለ ነበር። እኔ ስይዛት የምትፈራገጠው ዶሮ በሷ እቅፍ ጸጥ ትላለች። ምልክቶቹንም ያለ ማንም አስተማሪ ታውቃቸዋለች፤ ጓደኛዬ በዩኒቨርሲቲ የተማራቸውን ሁሉ።

የምንለያየው በጥያቄው ላይ ነው። እኔ «ትድናለች ወይ?» እያልኩ አያለሁ። አያቴ ደግሞ፣ «ለፋሲካ ትደርስልን ይሆን?» እያለች ታያለች። አንድ ምልክት፣ አንድ ዶሮ፣ ሁለት ጥያቄ። እኔ ስትገረጣ የምፈራው ሞቷን ነው። አያቴ ስትገረጣ የምትፈራው በክት መሆኗን ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «መጠበቅ»። እረኛ በግ ይጠብቃል። ዘበኛ እስረኛ ይጠብቃል። ጅብም የአህያዋን መውደቅ ይጠብቃል። ሦስቱም ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ ሦስቱም እንቅልፍ ያጣሉ። በሩቅ ለሚያያቸው አንድ ናቸው። ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው? ትጋታቸው አይደለም። የእጃቸው ልስላሴም አይደለም፤ የአያቴ እጅ ከኔ ይለሰልሳልና። የሚለያቸው የሚጠብቁት ነገር ለማን እንደሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ ቸኩዬ ራሴን እረኛ፣ አያቴን ጅብ ላደርጋት ነበር። አላደረግሁም፤ አንድ ቀን ራሴን ስለ ያዝኩት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካፌ ተቀምጬ ለጓደኞቼ ዶሮ እንዴት እንዳዳንኩ እየተረክሁ ነበር። ሴቶቹ «ውይ አንጀቴን!» አሉ። እኔም ትረካዬን አሳመርኩ፤ ቁስሉንም ሰፋ አደረግሁት። ያን ማታ ወደ ቤት ስመለስ ገባኝ፤ እኔም እየጠበቅሁ ነው። አያቴ ወጥ ትጠብቃለች፣ እኔ ምስጋና እጠብቃለሁ። የአያቴ እንዲያውም ግልጽ ነው።

ካንት ስለ እንስሳ ያስተማረው ይህን ይመስላል። በሱ ዘንድ ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለብንም፤ በእንስሳ የሚጨክን ግን በሰውም መጨከን ስለሚለምድ፣ ለእንስሳ መራራት ለሰው ልጅ ያለብን ግዴታ ክፍል ነው። በመጀመሪያ ሳነበው ደግነት መሰለኝ። አሁን ግን ዶሮይቱን የኔ ደግነት መለማመጃ ደብተር ያደርጋታል። ቁስሉ የሷ ነው፤ ትርፉ የኔ ጠባይ ነው። ካፌ ውስጥ ያደረግሁት ይኸው አይደለም?

እንግሊዛዊው ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ሌላ መንገድ ያዘ። ማሰብ ይችላል ወይ፣ መናገር ይችላል ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ መሠቃየት ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ ነው ሐሳቡ። ይህ ወደ ዶሮይቱ ያቀርበናል። ግን ቤንታም እዚያው ገጽ ላይ እንስሳ መብላትን ይፈቅዳል። የሚመጣውን አስቀድሞ አያስብምና፣ በኛ እጅ ፈጥኖ መሞቱ በዱር ተሠቃይቶ ከመሞት ይሻለዋል ይላል። እንግዲህ ቤንታምና አያቴ ይስማማሉ ማለት ነው። እስክትታረድ አስታምማት፤ ስታርዳት ፈጠን በል።

የሆነው ሆኖ አንድ ነገር የረዳኝ ጾሙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። በነዚያ ሳምንታት ገብስማይቱ ለቢላዋም ለመጥበሻም አትፈለግም። አልሸጣት እንደሆነ ቁስለኛ ነች፤ በሁዳዴ ደግሞ ጤነኛዋንም ደፍሮ የሚገዛ ጥቂት ነው። ለማንም ለምንም የማትጠቅም ዶሮ ነበረች። ምናልባት በሕይወቴ ዶሮን ዶሮ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጾም ማለት ከመብል መከልከል ነው ብለው አስተምረውኛል፤ እኔ ግን በመብላት ዓይን ከማየትም መጾም እንደ ሆነ ያወቅሁት ማድ ቤት ጥግ ነው።

በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ቀን ገደማ አንድ ትንሽ ነገር ሆነ። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደ ወትሮው ቀና አላለችም። ላባዋን እንደ ነፋች፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ቀረች። ደነገጥኩ፤ ብሷታል ብዬ አንገቷን ሥር ዳበስኩ። ሞልቷል፤ በልታለች። ቁስሉን አየሁት፤ ጠርዙ ሰብሰብ ብሎ ደርቋል። አልባሰባትም። መደበቋን ነው የተወችው። ደብተሬ ላይ «ዛሬ አልቆመችልኝም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ ሸፈነ፤ ላባ መብቀል ጀመረ። ወደ ጓሮ ስመልሳት ደግሞ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ፊት ከሷ ሥር የነበሩት ዶሮዎች ሳይቀሩ እየተፈራረቁ ነቆሯት። በዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ እንዳለ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጻፈው ኖርዌያዊው ሽልደሩፕ ኤበ ነው። የኛ ዶሮ አራት ሳምንት ስትጠፋ ወንበሯን ወስደውባታል። መልሼ ማድ ቤት ላስገባት ፈለግሁ። ጓደኛዬ ግን ከለከለኝ። መጀመሪያ በሽቦ ለይተህ ለጥቂት ቀን እንዲተያዩ አድርግ፣ ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ መሐላቸው አስቀምጣት አለኝ። እንዳለው አደረግሁ። ሁለት ቀን ተነቆረች፤ ከዚያ ከሁሉ በታች የሆነ ቦታዋን ያዘች። አላዳንኳትም። አስታማሚ የሆነ ሰው መጨረሻ ላይ የሚከብደው ሥራ አለመፈለጉ ነው።

ከዚያ ፋሲካ ቀረበ።

ቤታችን ሁለት ዶሮ ያስፈልጋል። አንዱ አውራው እንደ ሆነ ተስማምተናል። ሁለተኛዋን አያቴ ቆጥረዋለች፤ እንቁላል መጣል ያቆመችው፣ ከተራውም መጨረሻ ያለችው ገብስማይቱ ነች። ሌላም ነገር አለ። በኛ ልማድ ሴት አታርድም። እስካሁን ጎረቤት ያሉ አንድ አባባ ነበሩ የሚያርዱልን፤ ዘንድሮ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አያቴ፣ «አንተም እኮ ሰው ሆነሃል» አለችኝ። ስለዚህ ቢላዋው የኔ ነው።

«እሷን አላርድም እማማ» አልኳት።

«ለምን? ስላስታመምካት? እኔስ አላስታመምኳትም?»

«አስታመሻታል።»

«ታዲያ ሌላ ገዝተህ ልታርድ ነው አይደል? ያችኛዋስ ነፍስ የላትም? ቁስሏን ስላላየህ ነው እንጂ።»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። በፍልስፍና ክፍል ውስጥ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አልሰማሁም። ምሕረቴ ላየኋት ብቻ ከሆነ፣ ያላየኋት የምትሞተው ስላላየኋት ነው። ይህ ፍትሕ ነው ወይ?

ያም ሆነ ይህ፣ ለገብስማይቱ ያለኝን ምክንያት ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ ይኸውም «ዛሬ አልቆመችልኝም» የምትለው መስመር ነች። ዶሮይቱ ከሁሉ የምትደብቀውን ድካሟን እኔ ፊት መደበቅ ትታለች። እዚያ ድረስ የገባሁት ለማዳን ብዬ ነው። በዚያው በር ቢላዋ ይዤ ብገባ ያስታመምኩበት ጊዜ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ማድባት ይሆናል። ሐኪም ስለ በሽተኛው ያወቀውን፣ የንስሐ አባት ስለ ልጁ የሰማውን፣ ጓደኛ ስለ ጓደኛው የሚያውቀውን በዚያው ሰው ላይ መሣሪያ ሲያደርገው ሁላችንም ነውር ነው እንላለን። ነውርነቱ ጉዳቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለጥበቃ የተከፈተው በር ለሌላ ነገር መዋሉ ነው። ለማዳን ብለህ ያየኸውን ለመግደል አትጠቀምበት። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልሴ፣ ማስታመም መብትን ይቀንሳል የሚል ነው። ባስታመምክ ቁጥር የማይፈቀድልህ ነገር ይበዛል።

ለአያቴ ጥያቄ ደግሞ ያገኘሁት ግማሽ መልስ ነው። የገበያዋ ዶሮ በኔ አልታመነችም፤ ስለዚህ ለሷ ያለብኝ ዕዳ ያነሰ ነው። ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሐሙስ ዕለት ሾላ ገበያ ሄጄ አንዲት ቀይ ዶሮ ገዛሁ። ሻጩ እንደ ልማዱ እግሯን አስሮ ዘቅዝቆ ሰጠኝ። እኔ ቀና አድርጌ ብብቴ ውስጥ ይዣት ታክሲ ተሳፈርኩ። «ሙሽራ ነው እንዴ የያዝከው?» ብሎ ረዳቱ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ቤት ሳደርስ ፈታኋት፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት። ብዙ ጠጣች፤ ሲጠማት እንደ ዋለ ያን ጊዜ ገባኝ። ቅዳሜ ቢላዋውን ደጋግሜ ሳልኩት። በስመ አብ ብዬ አረድኳት። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ቢላዋው ግን ስለት ነበረው። በማግሥቱም በላሁ። ይህን የማልጽፈው ቢሆን ኖሮ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ የካፌው ትረካ ይሆን ነበር።

ግማሽ መልስ ነው ብያለሁ። ቀሪው ግማሽ ያስጨንቀኛል። ያላየናቸው ሁሉ ስላላየናቸው ብቻ ያነሰ የሚገባቸው ከሆነ፣ ጨካኝ ለመሆን የሚያስፈልገው አለማየት ብቻ ነው ማለት ነው። አለማየት ደግሞ እንዴት ቀላል ነው! በየመንገዱ ዘቅዝቀው የሚሄዱትን ዶሮዎች ሃያ ዓመት ሙሉ አይቼ አላየኋቸውም። ዶሮ ብቻም አይደለም።

ገብስማይቱ ይህን ስጽፍ ጓሮ ውስጥ ትጭራለች። ጀርባዋ ላይ ላባው ትንሽ ዘወር ብሎ ነው የበቀለው። ተራዋ አሁንም ከሁሉ በታች ነው፤ እንቁላል ግን መጣል ጀምራለች። አያቴ ደጋግማ አይታት፣ «እስቲ ለሚመጣው እንጠብቃታ» አለች። በየትኛው መጠበቅ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።

የአያቴን ጥያቄ በሙሉ የሚመልስ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፤ አነብላታለሁ።